የክፍል አራት አስተናጋጆች

ሰኞ። ጉባኤው ሊጀመር 45 ቀን።

የጉባኤው ሥራ ዛሬ ተከፋፈለ። ለአንዱ ድምፅ ማጉያ፣ ለአንዱ የእንግዶች መኪና፣ ለአንዱ ከጋዜጠኞች ጋር መጨቃጨቅ ደረሰው። ለእኔ “የመማማሪያ ክፍሎች”። አለቃዬ ሲያብራሩት ደስ አለኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ መጀመሪያ ላይ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። በየዓመቱ በቴክኖሎጂ ጉባኤያችን ከረባት ያሰረ ሁሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሕዝቡ ያወራል፤ ሕዝቡ ግን አዳራሹ ውስጥ የለም። ዘንድሮ በአዳራሹ ዙሪያ ያሉት ስድስት ክፍሎች ለሰፈር ማኅበራት ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ክፍል ተረክቦ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሚያውቀውን ለጉባኤተኛው ያስተምራል። ለተሳተፉት መጨረሻ ላይ አሥር አሥር ኮምፒውተር ይሰጣቸዋል። የእኔ ሥራ መጋበዝ ነው።

ዝርዝሩን ከአካባቢው አስተዳደር አስመጥተው ሰጡኝ። አንድ፣ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች። ሁለት፣ የታክሲ ሾፌሮች። ሦስት፣ የቤተ መጻሕፍት በጎ ፈቃደኞች። አራት፣ የሰፈር ሴቶች የስልክ ትምህርት ቡድን። ከአራተኛው ጎን የተጠሪዋን ስም ሳነብ ክው አልኩ።

የእናቴ ስም ነው።

ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ ቢሮ ውስጥ ማንም አያውቅም። “ምነው፣ ታውቂያቸዋለሽ?” አሉኝ አለቃዬ።

“ኧረ፣ ፊደሉ ደቅቆብኝ ነው” አልኩ።

ፊደሉ አልደቀቀም።

ማክሰኞ። 44 ቀን።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልጻፍ። ደብተር አይስቅብኝም።

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሆቴል አስተናጋጅ ነበረች። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ትሪ በግራ እጅ። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝ በዚያው እግሯ ነው። ጡረታ ስትወጣ ዘመናዊ ስልክ ገዛሁላት፤ በስድስት ወር በለጠችኝ። አሁን ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ መልእክት ማንበብ፣ የመብራት ሂሳብ በስልክ መክፈል፣ “እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል” የሚለውን የሌባ መልእክት መለየት ታስተምራለች። ከእሷ ጋር ዘጠኝ ናቸው። የሚማሩበት ሁለት ስልክ ነው፤ የአንዱ መስታወት ተሰንጥቋል።

እኔ እዚህ ቢሮ የገባሁ ሰሞን ምሳ ላይ “እናትሽ ምን ይሠሩ ነበር?” ተባልኩ። “ሆቴል” አልኩ። አንድ ቃል። የቀረውን እነሱ ሞሉት። በሳምንቱ “እናቷ ሆቴል ነበራቸው” ሆነ። አለቃዬ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ “የሆቴል ባለቤት ልጅ ናት፣ መስተንግዶ በደሟ ነው” ይላሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። አልዋሸሁም፤ ሲዋሽልኝ ነው ዝም ያልኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ረቡዕ። 43 ቀን።

ደብዳቤውን አረቀቅኩት። “በጉባኤያችን ላይ አስተናጋጅ እንድትሆኑ በታላቅ አክብሮት ጋብዘናችኋል።” ለእርማት ወደ ነጠላ ሰረዝ ወሰድኩት። ነጠላ ሰረዝ የቢሮው አራሚ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው፣ ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ደብዳቤ ባዩ ቁጥር ዘመድ እንደሞተባቸው ስለሚሆኑ ነው። ያውቁታል፤ ይወዱታል።

“አስተናጋጅ?” አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

“ክፍሉን የሚያስተናግዱት እነሱ ናቸዋ።”

“ልጄ፣ ይሄን ያነበበ ሰው ትሪ ይዞ ይመጣልሻል።”

“አባሪው ላይ ተብራርቷል። የክፍሉ ቁጥር፣ ምን እንደሚያስተምሩ፣ የኮምፒውተሩም ነገር።”

“አባሪ ይጠፋል። ‘ክፍል ተረክባችሁ እንድታስተምሩ’ በይና ተገላገይ።”

“እሺ” አልኩ። አልቀየርኩትም። ጊዜ አልነበረኝም። አንድ መስመር ለመቀየር ጊዜ ያጣሁ ሰው ይህን ሁሉ ለመጻፍ ግን ይኸው አግኝቻለሁ።

ዓርብ። 41 ቀን።

አምስቱ ተልከዋል። አራተኛው ነገ።

ነገ ቅዳሜ ነው። እንግዲህ ሰኞ።

ሰኞ። 38 ቀን።

አለቃዬ በስብሰባው መሀል “ስድስቱም ሄደዋል አይደል?” አሉ። “ሄደዋል” አልኩ። ከስብሰባው ወጥቼ በሩጫ ለእናቴ ቡድን ላክሁ። ደብዳቤውን ብቻ። አባሪውን ማያያዝ ረሳሁ።

ረሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ትዝ አለኝ፣ ወይም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው ልበል። መልሼ ልላክ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስልክ ተደወለ፣ ሰው መጣ፣ ሻይ ጠጣሁ። መሸ።

እሑድ። 32 ቀን።

እሑድ እሑድ እናቴ ጋ ነኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ “መሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ላከልን” አለችኝ። “አንቺ ነሽ የጻፍሽው?”

“ቢሮው ነው።”

“አጻጻፉ አንቺን አንቺን ይላል።”

ስልኳን ከክንዷ ልክ አርቃ ይዛ አነበበችው፤ ቀስ ብላ፣ እንደምታስተምረው። ከዚያ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። “እስቲ ንገሪኝ፤ እዚህ ላይ አስተናጋጅ የሚለው ምን ማለት ነው?”

“እንዴት ምን ማለት ነው?”

“እኔ የማውቀው ነው? ትሪው? ወይስ ሌላ ነገር አለው?”

አፌን ከፍቼ ነበር። ክፍል አራት ማለት ነው፣ ማስተማር ማለት ነው ልላት ነበር። ግን እናቴ ክፍል አራት ቆማ ታየችኝ። ንግግር ስትጀምር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናት፤ “እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተናጋጅ ነበርኩ፣ ልጄን በዚያ አሳደግኩ” ትላለች፣ ከዚያ ልጇ ካለች በጣቷ ታሳያለች። አለቃዬ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ፣ ያ የምሳ ጠረጴዛ ሁሉ ሲሰማ ታየኝ።

“እ… መሰለኝ” አልኩ።

“ትሪው?”

“መሰለኝ አልኩሽ እኮ፣ እማዬ። እጠይቅልሻለሁ።”

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “እሱማ የለመድነው ነው” አለች፣ ሻዬንም ቀዳችልኝ።

አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። ነገ ደውዬ እነግራታለሁ።

ረቡዕ። 29 ቀን።

አልደወልኩም። ነገ።

ቅዳሜ። 26 ቀን።

እሷው ደወለች። ልብስ ሰፊዋ ዘጠኝ ነጭ ሸሚዝ እየሰፋች ነው። “ጥቁር ጉርድ ሁላችንም አለን፣ የለቅሶ ነው” ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን እሑድ ብናገር ኖሮ ጨርቁ እንኳ አይቆረጥም ነበር።

እሑድ። 18 ቀን።

ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ግቢው ውስጥ ስምንቱን ሴቶች አሰልፋ ትሪ መያዝ ታስተምራለች። ትሪው ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ፣ ከግቢው በር እስከ ልብስ መስጫው ሽቦ፣ ደርሶ መልስ። “ብርጭቆውን አትዩት! ብርጭቆ ካዩት ይፈራል። የምትሄዱበትን እዩ!” ትላለች። አንዷ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ውኃውን ደረታቸው ላይ ገልብጠው ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ልብስ ሰፊዋ፣ እኔን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምታውቀኝ፣ በአጠገቤ ስታልፍ “አየሽ፣ ለአንቺ ስንል ጠረጴዛ ልንጠርግ ነው” አለችኝ። በቀልድ ነበር። በቀልድ መሰለኝ።

ከልቤ ልጻፍ፤ እናቴ ስታስተምር ቆንጆ ናት። የምትቆጣው ስታበረታታ ነው። ያቺን ሴትዮ ክፍል አራት ውስጥ የማየት መብት ሰው ሁሉ ነበረው፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት። ይህን እያወቅሁ ከሴቶቹ ጋር እኩል ሳቅሁ፣ የእሷን ሻይ ጠጣሁ፣ ስወጣም ግንባሬን ስማ ሸኘችኝ። አፈርኩ። አፍሬም አልተናገርኩም። ይህ ምን ዓይነት እፍረት ነው? ሰው ሲያፍር ያቆማል አይደል?

ማክሰኞ። 9 ቀን።

የማረጋገጫ ቅጽ። ክፍል አንድ፣ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሁለት፣ አረጋግጫለሁ። ሦስት፣ አምስት፣ ስድስትም። አራት ላይ “ተረጋግጧል” ብዬ ጻፍኩ። ለማንም አልደወልኩም።

ነጠላ ሰረዝ ኮሪደር ላይ “ያቺን ቃል አስተካከልሻት?” አሉኝ። “አዎ” አልኩ። ሰው በቀን ስንት ጊዜ ሊዋሽ እንደሚችል በፊት አላውቅም ነበር።

ረቡዕ። 1 ቀን።

የበር ላይ ጽሑፎቹ ታትመው መጡ። “ክፍል 4። አስተናጋጅ፦ የሰፈር ሴቶች የስልክ ትምህርት ቡድን።” በእጄ ለጠፍኩት። ውስጡ ሃያ ወንበር፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ አለ። ቀዩን ክዳኑን ከፍቼ ሞከርኩት። ይጽፋል።

ዛሬ ማታ እደውላለሁ። አሁንም ይደርሳል። ሸሚዙን ለብሰው ክፍሉ ይገባሉ፣ ማን ይጠይቃቸዋል።

ሐሙስ። የጉባኤው የመጀመሪያ ቀን።

አልደወልኩም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሴቶች በጓሮው በር መጥተው “አስተናጋጆች ነን” አሉ። የመስተንግዶው ኃላፊ አምስት ሠራተኛ ቀርቶበት ፀጉሩን ሊነጭ ደርሶ ነበር። “እሰይ! ማን ላካችሁ?” አለ፣ መልሱንም ሳይጠብቅ ትሪ አስያዛቸው። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ያየሁት አራት ሰዓት ላይ፣ የሻይ ዕረፍት ሲሆን ነው።

አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። እኔ ከአለቃዬና ለጉባኤው ከፍተኛውን ድጋፍ ከሰጠችው የባንክ ሴትዮ ጋር ቆሜያለሁ። እናቴ በሰው መሀል መጣች። ትሪውን በግራ፣ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ ብርጭቆውን ሳታይ። መጀመሪያ ለባንኳ ሴትዮ ዘረጋች። ሴትዮዋ ጭማቂ አንስታ “አመሰግናለሁ፣ እናቴ” አለቻት። ሰው ለማንኛዋም ትልቅ ሴት እንደሚለው። ለመንገድ ላይ ሴት፣ ለማያውቃት ሴት እንደሚለው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ብርጭቆውን ተቀበልኩ። “አመሰግናለሁ፣ እትዬ” አልኩ።

ባዳዋ እናቴ ያለቻትን እኔ እትዬ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የእናቴ ዓይን እንዲህ ትንሽ፣ የሽፋሽፍት ያህል እንኳ አልሆነም፣ ተንቀሳቀሰና ረጋ። ቀና ብላም “ሌላ የሚያስፈልግዎት ነገር ይኖራል?” አለችኝ። በእርስዎ። ለሠላሳ አራት ዓመት አንቺ ስትለኝ የኖረች።

“የለም” አልኩ።

አለቃዬ ያኔ ነው ትዝ ያላቸው። “የክፍል አራት ሰዎች የት ገቡ? ባዶ ነው እኮ፤ ሰው በሩ ላይ እየተመለሰ ነው!” እናቴ ገና ሁለት እርምጃ አልሄደችም።

“አልመጡም” አልኩ።

አልዞረችም። ትሪው አልተነቃነቀም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬት ግን እንደዚህ ላለው ሰው አትሰነጠቅም። ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣት እንኳ አልቻልኩም፣ የሚያመጣው እሷ ናት ብዬ።

ዓርብ። ሁለተኛ ቀን።

አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። ሁለት ቀን ተብለው ተጠርተዋል፣ ሁለት ቀን መጡ።

ስምንት ሰዓት ገደማ በማዕድ ቤቱ በር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጠብ መስሎኝ ሮጥኩ። የባንኳ ሴትዮ ናት፤ ያቺ በመድረክ ላይ ስለ ዲጂታል ዘመን ግማሽ ሰዓት ያወራችው። ስልኳ ላይ “ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ይጫኑ” የሚል መልእክት ገብቶ ልትጫን ስትል፣ እናቴ ትሪዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ “ቆይ ልጄ፣ ጣትሽን አንሺ” ብላታለች። አሁን ስምንት ዘጠኝ ሰው ከቧቸው ቆሟል።

“ሌባ ሁልጊዜ ያጣድፋል” ትላለች እናቴ። “ከተጣደፍሽ ሌባ ነው። ባንክ አያጣድፍም፣ ባንክማ ያስጠብቃል።”

ሳቁ እስከ አዳራሹ ተሰማ። የባንኳ ሴትዮም ሳቀች። አንድ ወጣት በስልኩ ይቀርጻል። አለቃዬ ከጀርባዬ መጥተው “ይቺን ሴት ከየት አመጣችኋት?” አሉ። “እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር አራት ቁጥር ላይ የሚያስፈልገን!” ቀጥለውም እሷኑ “እናቴ፣ ከየት ነው የመጡት?” አሏት።

እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች። “ከመስተንግዶው ነኝ፣ ጌታዬ” አለች። ትሪዋን አነሳች።

ማምሻውን የተሳትፎ ሪፖርቱን ሞላሁ። ክፍል 4፣ “አልተገኙም”። በዚህ ሪፖርት መሠረት ነው ኮምፒውተሩ የሚሰጠው። አውቅ ነበር።

እሑድ። ካለቀ 2 ቀን።

ልቅር ብዬ ነበር፣ መቅረት ደግሞ መናዘዝ መሰለኝ። ሄድኩ። እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ አገኘኋት። ቁጭ አልኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ጉልበት፣ ስለ ሰፈሩ ውኃ መጥፋት።

“እማዬ፣ ሐሙስ…” አልኩ።

“ሐሙስ አየሁሽ” አለች። እግሯን በፎጣ እያደረቀች ነበር። “ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ ተቀበልሽ። ሌላው ሁሉ በአንድ እጁ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ነው የሚያነሳው። አንቺ በሁለት እጅሽ። ጎሽ፣ አሳድጌያታለሁ አልኩ በሆዴ።”

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ አብጦ አልወጣ አለ። የታጠበችበትን ውኃ አንስቼ ደፋሁና ሄድኩ። ይቅርታ ማለት ያቃተው ሰው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ውኃ ይደፋል።

ሰኞ። ካለቀ 3 ቀን።

ሪፖርቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ነጠላ ሰረዝ መጥተው አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የጓሮው በር የመግቢያ መዝገብ ቅጂ ነው። ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ከአምስት፣ ዘጠኝ ስም፣ በአጠገቡ በእናቴ እጅ ጽሕፈት፦ “ከሰፈር ሴቶች የስልክ ትምህርት ቡድን”። ዓርብም እንደዚያው።

“ሪፖርትሽን ሳርም አልተገኙም የሚል አየሁ” አሉ። “እዚህ ደግሞ ተገኝተዋል። ትሪ ይዞ ይመጣልሻል አላልኩሽም?”

“አላስተካከልኩትም ነበር።”

“እሱን አወቅሁ። ያላወቅሁት ለምን እንደሆነ ነው።” ወረቀቱን ትተውልኝ ሄዱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለስህተት ነው። የእኔስ ወለምታ ነበር?

ረቡዕ። ካለቀ 5 ቀን።

ቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍል ሄድኩ። ለእናቴ እዚያ፣ በሴቶቹ ፊት ልነግራት ነበር። የለችም፤ የትምህርት ቀን አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን መኪናዋን ትረግጣለች። “ግቢና ጠብቂያት” አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ስጠብቅ ግድግዳውን አየሁ። ከሰሌዳው ጎን ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንደኛው የእኛ ደብዳቤ ነው፤ ከነአባሪው። የክፍሉ ቁጥር፣ ማስተማሩ፣ አሥሩ ኮምፒውተር፣ ሁሉም አለ። ከላይ የታክሲ ሾፌሮች ማኅበር ማኅተም አለበት። ሁለተኛው ከደብተር የተገነጠለ ነው፣ የእናቴ ጽሕፈት።

“ክፍል አራት። አንደኛ ሰዓት፣ የሌባን መልእክት መለየት (እኔ)። ሁለተኛ ሰዓት፣ ፊደል ለማያነብ ሰው ስልክ ማስተማር (ልብስ ሰፊዋ)። ሦስተኛ ሰዓት፣ ጥያቄና መልስ። ሁሉም አንድ አንድ ነገር ትናገር፣ ዝም የምትል አትኑር።”

ከታች ቀን አለው። አስተናጋጅ ምን ማለት ነው ብላ ከጠየቀችኝ ከዚያ እሑድ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው።

“ታውቅ ነበር?” አልኩ።

የስፌት መኪናው ቆመ። “ሾፌሮቹ ደብዳቤያቸውን አሳዩን። የእኛ አባሪ ጠፍቶ ይሆናል ተባብለን ነበር። እናትሽ ‘እሑድ ልጄን እጠይቃታለሁ’ አለች። ጠይቃሽ መጣች። ‘ትሪውን ነው የመረጠችልኝ’ አለች። አልሰደበችሽም። ‘ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ብናገር ልጄ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔ ያለ እናንተ ፈቃድ አልወስንም’ አለች። ዘጠኝ ሆነን እጅ አወጣን።”

“ኮምፒውተሩስ?”

“ኮምፒውተሩ ይቅርብን፣ ልጅቷ አትፈር አልን።” ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። “እኔ እጄን ያወጣሁት መጨረሻ ነው። ይሄንንም እወቂው። ጓሮ በር ስንደርስም ‘ልጄን ብታዩ እንዳታውቋት’ ብላናለች። አየንሽ፣ አላወቅንሽም።”

እናቴን ሳልጠብቅ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው እያየኝ። ዘጠኝ ሴቶች የእኔን እፍረት እንደ ሰው ሕመም ቁጭ ብለው ተወያይተውበታል፤ ያሳከሙትም ከገዛ ጉሮሯቸው ነጥቀው ነው። እኔ ደብቄዋለሁ ብዬ ነበር።

ሐሙስ። ካለቀ 6 ቀን።

ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ዘጠኙ ሴቶች መጥተው ነበር፣ ትሪ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ፣ አባሪውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ያቺ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ያስተማረችው እናቴ ናት።

ከወረቀታቸው ቀና አሉ። “እናትሽ ሆቴል ነበራቸው አላልሽም?”

“አላልኩም። ሲባል ዝም አልኩ። አስተናጋጅ ነበረች።”

“እና እናትሽን…” አሉና አልጨረሱትም። ቢጨርሱት ይሻል ነበር። “ዝርዝሩ ሰኞ ሄዷል። ማስተካከያ ጻፊና አምጪ፤ ኮምፒውተሩን ግን ተስፋ አልሰጥሽም። ስለ አንቺ ደግሞ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።”

ጻፍኩ። “ክፍል 4፣ አልተገኙም ያልኩት ሐሰት ነው። ሁለቱንም ቀን ተገኝተዋል። የቡድኑ ተጠሪ እናቴ ናት፤ እንዳትታወቅብኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ።” ስሜን ፈረምኩ። ለእርማት ነጠላ ሰረዝ ጋ ወሰድኩት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። እስክሪብቶአቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። አንድም ሰረዝ አልጨመሩም።

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍል አራት ገባሁ። ወንበሮቹ ገና አልተነሱም። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍም እንዳለ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ደወልኩ።

“እማዬ።”

“ወዬ።”

“ያን እሑድ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አስተናጋጅ ማለት ምን ማለት ነው ብለሽ።”

የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማኛል፤ እዚያ ናት ማለት ነው።

“ክፍል አራት ማለት ነው” አልኩ። “ሰሌዳው፣ ሃያው ወንበር፣ አንቺ ቆመሽ እኛ ተቀምጠን። እሱን ማለት ነበር፣ እማዬ። አውቅ ነበር። አፍሬብሽ ነው።”

የስፌት መኪናው ቆመ። ስትተነፍስ ሰማኋት፤ አፍንጫዋን ስትጠርግም።

“ለአንድ ትእዛዝ አርባ ቀን ታስጠብቂያለሽ?” አለችኝ። “አስተናጋጅ ብትሆኚ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ነበር የሚያባርሩሽ።”